ሁለት ኔትወርክ በአንድ ገመድ ይሄዳል ወይ? የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ፎቅ ቤትና ስለ ኔትወርክ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ድሮ ያለው ቴሌ ብቻ ስለነበር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ኔትወርክ ወይ አለ ወይ የለም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ሁለት ሲም ይይዛል፣ የሆቴል እንግዳም "የእኔኛው ለምን አይሠራም?" ይላል። ከደረሱኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል እያሠራሁ ነው። ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ውስጥ ስልክ ጭራሽ አይሠራም። ለሁለቱም ኔትወርክ ለየብቻ አንቴና ላስተክል?

አያስፈልግም እትዬ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ኮርኒስ ላይ የሚገጠሙት፣ የተገለበጠ ሳህን የሚመስሉት ነጫጭ አንቴናዎች የማን ሲግናል እንደሆነ አይጠይቁም። ከ800 እስከ 2500 ሜጋኸርትዝ (የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ የሚለካበት ነው) ያለውን ሁሉ ይለቃሉ፣ ይቀበላሉ። ስለዚህ አንቴናውም ወደ እሱ የሚሄደው ገመድም አንድ ሆኖ ለሁለቱም ይበቃል።

ሲግናሉ ግን ከኩባንያዎቹ ነው የሚመጣው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሣሪያ አንዲት ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ እዚያው ኮምባይነር በሚባል ሳጥን ይገናኙና ከዚያ ወዲያ አንድ ላይ ወደየፎቁ ይወጣሉ። ሁለቱንም አሁኑኑ ያነጋግሩ። ጅፕሰሙ ከተሠራ በኋላ ገመድ ልሳብ ማለት የተሰፋ ቀሚስ ገልብጦ እንደመተርተር ነው። የመሣሪያዋን ክፍል ደግሞ ከህንጻው መሀል ያድርጓት፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው ገመድ በ100 ሜትር በ900 ሜጋኸርትዝ 7 ዲቢ (ሲግናሉ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚለካበት) ገደማ ይበላል፣ በ1800 ደግሞ 10 ዲቢ ገደማ። 10 ዲቢ ማለት ከአሥሩ አንዱ ብቻ ደረሰ ማለት ነው።

ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው፣ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ሲግናል ለሁለት የሚከፍለው፣ ርካሽ ነው፣ ኮምባይነር ውድ ነው። ስፕሊተሩን ገልብጬ ሁለቱን ባገናኝበትስ? ያው አይደለም እንዴ?

ወንድሜ፣ ሲያዩት ያው ነው። ሁለት ገብቶ አንድ ይወጣል። ግን ተራ ስፕሊተር በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ይህ ነው የሚባል መከላከያ የለውም። የአንደኛው ኩባንያ መሣሪያ የሚለቀው ኃይል ከፊሉ ወደ ህንጻው ከመሄድ ይልቅ ዞሮ ሌላኛው መሣሪያ ውስጥ ይገባል፣ ያኛውም ወይ ይታወካል፣ ወይ አልታዘዘም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ኮምባይነር ውድ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛል፣ ግን አያነካካቸውም። በመግቢያዎቹ መካከል 30 ዲቢ መከላከያ አለው ከተባለ ከሺህ አንዱ ብቻ ነው ወደ ጎረቤት የሚያልፈው።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ የሚገናኙት ባንዳቸው፣ ማለትም የሚሠሩበት የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ይለያያል ወይስ አንድ ነው? አንዱ 900 ሌላው 1800 ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በማጣሪያ የሚሠራው ኮምባይነር ለእያንዳንዱ የራሱን በር ይከፍትለታል፣ የሚባክነውም ከ1 ዲቢ በታች ነው። ሁለቱም 1800 ላይ ከሆኑና ፍሪኩዌንሲያቸው ጎን ለጎን ከሆነ ግን ማጣሪያው መለየት ይቸግረዋል። ያን ጊዜ ሃይብሪድ የሚባለው ይመጣል፣ ይሄኛው ደግሞ ግማሹን ይወስዳል። 3 ዲቢ የሚሉት እሱን ነው።

ግማሹ የት ይሄዳል? ሃይብሪድ ሁለት መውጫ አለው። ሁለቱ ኩባንያዎች 20፣ 20 ዋት ቢያስገቡ በእያንዳንዱ መውጫ ከሁለቱም 10፣ 10 ዋት ይወጣል። አንድ ህንጻ ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። አንደኛውን መውጫ ወደ ፎቆቹ ስበውታል፣ ሁለተኛው ላይ ሎድ የሚሉትን፣ ኃይሉን ውጦ ሙቀት የሚያደርገውን፣ ክንፍ ክንፍ ያለውን ጥቁር ብረት ገጥመው ትተውታል። ብረቱ ይግላል። ጥበቃው አባባ በኅዳር ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡና ሁለት እጃቸውን በላዩ ዘርግተው "ይቺ ነገር ጥሩ ምድጃ ናት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ 20 ዋት ሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው መውጫ ለምድር ቤትና ለመጀመሪያው ፎቅ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ለላይኞቹ፣ አንዲት ዋት በከንቱ አትቃጠልም ነበር። እኔ ሃይብሪድ ላይ ሎድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው "ሌላ የሚመገብ ክፍል የለም?" ብዬ ነው። ከሌለ ግን ሎዱ ግዴታ ነው፣ መውጫውን በፕላስተር ጠቅልሎ መተው የለም። ኃይሉ ተመልሶ መጥቶ ያ በውድ የገዛኸው መከላከያ ይበላሻል።

ህንጻችን ውስጥ አንድ ኩባንያ ብቻ እያለ ሰላም ነበር። ሁለተኛው ሲጨመር ስልኬ ሙሉ መስመር ያሳያል፣ ግን ሰው አይሰማኝም፣ ድምፄ ይቆራረጣል። ሁለተኛው ኩባንያ ነው ያበላሸው?

ሁለተኛው ላይ አይፍረዱ። ያበላሸው ምናልባት የላላ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ ነው። ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች እንዲህ ባለ መገጣጠሚያ አብረው ሲያልፉ ማንም ያልላከው ሦስተኛ ሲግናል ይወልዳሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አንዱ በ930 ሜጋኸርትዝ፣ ሌላው በ955 ቢለቅ፣ 930ን በ2 አባዝተው 955 ሲቀንሱ 905 ይመጣል። 905 ደግሞ ስልክዎ ወደ ኩባንያው መሣሪያ የሚናገርበት መንገድ ነው፣ ምክንያቱም በ900 ባንድ ስልክ የሚናገረው ከ880 እስከ 915 ባለው ነው። ስለዚህ እርስዎ ይሰማሉ፣ እርስዎን ግን ማንም አይሰማዎትም። መስመሩ ሙሉ የሚያሳየውም እሱ የሚለካው የሚመጣውን እንጂ የሚሄደውን ስላልሆነ ነው።

ባለሙያው ሁለተኛውን ለአምስት ደቂቃ አጥፍቶ ይሞክረው። ድምፅዎ ከጠራ፣ ከኮምባይነሩ ጀምሮ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ በልኩ ያጥብቅ። በልኩ ያልኩት በመለኪያ ቁልፍ ነው፤ ሰባት-አሥራ ስድስት የሚባለው ትልቁ ኮኔክተር 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል። "በእጄ አጥብቄዋለሁ" የሚል ባለሙያ ከመጣ ሌላ ይጥሩ።

የቴሌቪዥን ዲሽ ገመድ ተርፎኛል። ለዚህ ይሆናል?

አይሆንም። የዲሹ 75 ኦም ነው (ገመድና መሣሪያ የሚጣጣሙበት ልክ ነው)፣ ይሄ 50 ይፈልጋል፣ ኃይልም አይችልም። ለዲሹ ተወው።

መሐል ሜዳ ከተማ ነኝ። ሁለቱንም ኔትወርክ ያጠነክራል የተባለ ቡስተር ገዝቼ ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ። አንደኛው ሲም ትንሽ ተሻለው፣ ሌላኛው ምንም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ስልካችን ተበላሸ እያሉ ይጮሁብኛል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። አንደኛው ታወር ቅርብ ነው፣ ሌላው ሩቅ። ርካሽ ቡስተር ሁለቱን አይለይም፣ የሚያጠነክረውን የሚለካው በብርቱው ነው። ብርቱው ሲመጣ "በቃ፣ ሞላ" ብሎ ራሱን ያፍናል፣ ደካማው እዚያው ደካማ ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ባንድ ለየብቻ የሚመጥን መሣሪያ ካልሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አንሳልኝ ማለት ዝሆንና ዶሮ በአንድ ሚዛን እንደማስቀመጥ ነው።

የጎረቤቶቹ ነገር ግን ከባድ ነው። የውጩ አንቴናና የውስጡ ከተቀራረቡ፣ የሰርግ ቤት ማይክ ስፒከር ፊት ሲደረግ እንደሚያፏጨው ያፏጫል። እርስዎ ጆሮ ላይ አይሰማም፣ ታወሩ ጆሮ ላይ ግን ይጮኻል፣ በዚያ ታወር ያለው ሰው ሁሉ ይታወካል። በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ቆርቆሮው ሁለቱን በትንሹ ይለያል፣ ግን በመስኮት በኩል ይገናኛሉ። በዚያ ላይ በሌላው ሰው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለ ፈቃድ ማሠራጨት አይቻልም፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ጉዳይ ነው። ለኩባንያዎቹ ያመልክቱ፣ ቢዘገይም። እስከዚያው ቡስተሩን ዛሬ ማታ ከሶኬት ይንቀሉትና ጎረቤትዎን አንድ ስልክ እንዲደውሉ ይጠይቋቸው። ጥርት ብሎ ከሠራላቸው ቡስተሩን መልሰው አይሰኩት።