ቤዝ ብቻ ይዤ ልዝፈን?

ጥያቄ፦ ቤዝ ጊታር እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ጓደኞቼ ግን «ያለ ድራምና ያለ ሊድ ጊታር ባዶ ይሆንብሃል» ይሉኛል። ኦፕን ማይክ (ማንም ወጥቶ የሚዘፍንበት መድረክ) ላይ ብቻዬን ልውጣ?

መልስ፦ ውጣ እንጂ! በገናን አስበው፤ 10 አውታር፣ ወፍራም ድምፅ፣ አንድ ሰው፣ ግን ማንም ባዶ ነው አይልም። ቤዝ ላይ የሚያስቸግረው ኮርድ (ኖታዎችን አንድ ላይ ማሰማት) ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ኖታ ስትደራርብ ድምፁ ይደፈርሳል። ስለዚህ አራት ክር ባለው ቤዝ ጂ (G) የሚባለውን ኖታ በጣም ወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ)፣ ቢ (B) የሚባለውን በጣም ቀጭኑ ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ያዝና በአውራ ጣትህና በጠቋሚህ አንዴ ንካቸው፤ ጥርት ብሎ ኮርዱ ይሰማሃል። ትዝታ በዚህ አያያዝ እንዴት እንደሚያምር! ስትዘፍን እጅህን ቀለል አድርገው፣ ትንፋሽ ስትወስድ ቤዙ ይናገር። ሳውንድ ማኑንም ቀድመህ አናግረው፤ ቤዙ ከበዛ ግጥሙ አይሰማም።