የንባብ ክበብ በክፍል ውስጥ፦ ከመምህራን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ስሆን፣ በክፍሌ የንባብ ክበብ፣ ማለትም ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን አንድ ታሪክ አንብበው የሚወያዩበትን አሠራር፣ ካቋቋምኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከድሬዳዋና ከሐረር ባልደረቦቼ ለላኩልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በክፍሌ ከ50 በላይ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ፤ ቤተ መጻሕፍታችን ግን የአንድ ልቦለድ ሁለት ቅጂ እንኳ የለውም። ከየት ልጀምር?

በአጭር ልቦለድ ይጀምሩ። አራት ወይም አምስት ታሪኮች መርጠው የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ገጽ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ ልብ በሚሰቅለው ቦታ ላይም ያቁሙ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ሊጨርሰው የሚፈልገውን ታሪክ ይምረጥ፤ ቡድኑም በዚሁ ምርጫ ይመሥረት። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት የ1ለ5 አደረጃጀት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጎበዙ አንብቦ ይተርካል፣ የቀሩት ሳያነቡ ይወያያሉ። ለስድስት ተማሪ ሦስት ፎቶኮፒ ቢገኝ ሁለት ሁለት ሆነው ያነባሉ፤ በዚህ ዕድሜ ከጓደኛ ጋር ማንበብ በራሱ ያጓጓል።

ጥያቄ፦ ጠያቂ፣ ቃል ፈቺ፣ ማጠቃለያ አቅራቢ እያልኩ ሚና ሰጥቼ ቅጽ አስሞላቸዋለሁ፤ ውይይቱ ግን ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ለምን ይሆን?

ምክንያቱ ቅጹ ይመስለኛል። በሚና የሚካሄደውን ውይይት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ሃርቪ ዳንኤልስ ራሱ፣ የሚና ቅጾች ለጅምሩ መደገፊያ እንጂ ዘላቂ መሣሪያ እንዳልሆኑና ሲቆዩም ውይይቱን እንደሚያደርቁት ኋላ ላይ አስጠንቅቋል። አንዱ የጻፈውን ሲያነብ ሌላው የራሱን ተራ ስለሚያስብ አይሰማውም። በቅጹ ፈንታ መዳፍ የምታክል ብጣሽ ወረቀት ይስጧቸው፤ ቆም ብለው ያሰቡበትን ገጽና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉባት።

በክፍሌ ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ «ገጽ 4፤ እናትየው ለምን ዋሸች?» ብሎ ጻፈ። ግማሾቹ ልጇን ለመጠበቅ ነው አሉ፤ ሌሎቹ ራሷን ለማዳን ነው ብለው ወደ ገጽ 2 ተመለሱና መስመሩን በጣታቸው እያሳዩ ተከራከሩ። ደወሉ ሲደወል የሌሎቹ ወረቀት ገና አልተነበበም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መምህሩ ለመዳኘት መቸኮል የለበትም፤ መልሱ መምህሩ ዘንድ እንዳለ ያወቀ ተማሪ መጽሐፉን መግለጥ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ ነው። በቡድን ውስጥ በአማርኛ ብቻ እንዲወያዩ ላስገድዳቸው?

አያስገድዷቸው። ታሪኩን በአማርኛ ያንብቡ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ይከራከሩ፣ ለክፍሉ የሚያቀርቡትን ደግሞ በአማርኛ ያዘጋጁ። የገባውን ሐሳብ ሰዋስው እንዳይሳሳት ፈርቶ የሚውጥ ልጅ ብዙ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በእኩዮች መሳቂያ መሆን ከምንም በላይ ያስፈራል። ሐረር ሳሉ ጀጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ብታስጎበኟቸው ደግሞ፣ የከተማቸው ሰዎች ከዘመናት በፊት የጻፏቸውንና የጠረዟቸውን መጻሕፍት በዓይናቸው ያያሉ።

ጥያቄ፦ ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ ልያዝለት?

አይያዙለት። ነጥብ ሲመጣ ከጓደኛ የተቀዳ ማጠቃለያ አብሮ ይመጣል። የሚሻለው ሽልማት በሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት ስለ መጽሐፉ እንዲናገሩ ዕድል መስጠት ነው። ያልወደዱትን መጽሐፍ በቡድን ተስማምተው የመተው መብትም ይኑራቸው፤ ምክንያታቸውን ግን ያስረዱ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናንብብ ብለዋል። አይከብዳቸውም?

በ1958 የታተመው ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ዳጎስ ያለ ስለሆነ፣ በአንድ ወር ይለቅ ማለት ተማሪውን ማባረር ነው። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ይስጡት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከፍተው መጽሐፉን በዓይናቸው እየተከተሉ እንዲያዳምጡ ያድርጉ፤ ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች የት ላይ እንደሚተነፈስባቸው ከድምፁ ይማራሉ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አግኝቼ በቴሌግራም ብልክላቸውስ?

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ሙሉውን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ አያሰራጩ። ወላጆች ጥቂት ብር አዋጥተው በየሴሚስተሩ አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ቢገዙና በክፍል አለቃው በኩል በመዝገብ ቢዘዋወር፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ክፍልም ይተርፋል።