እጮኛዬ ዝምተኛ ነው፤ ጋብቻችንን ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ከእጮኛዬ ጋር በተክሊል ለመጋባት ቀን ቆርጠናል። እኔ የሆዴን ወዲያው የምናገር ሰው ነኝ፤ እሱ የሚሰማውን አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ አባቱ ሞት አጫውቶኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ዝም አለ። በስልክ የስብዕና መፈተኛ ብንሞላ «አትጣጣሙም» የሚል ውጤት መጣ። የማማክራቸው ጓደኞቼም ተዪው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ መፈተኛው ብዙ አልልም። ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለው የታወቀው መፈተኛ መነሻው የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ወደ መጠይቅ የለወጡት አሜሪካውያን እናትና ልጅ ናቸው። ያው ሰው ደግሞ ሲሞላው ሌላ ውጤት ማግኘቱ የተለመደ ነው። ለመጨዋወት መነሻ ቢሆናችሁ አልከለክልም፤ ተክሊል የሚያስቀር ግን አይደለም።

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደሆነ፣ ነፍሱም ለባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ሕያዊት (ሕያው የሆነች) እንደሆነች አስተምረውናል። ዝምተኛውም ነባቢት ነፍስ አለችው። ሙሴ መናገር ይከብደው ነበር፤ ጴጥሮስ ለመናገር ይቸኩል ነበር፤ እግዚአብሔር ሁለቱንም መርጧቸዋል።

ልጅ አጥታ ታለቅስ የነበረችውን የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ሐናን አስቢያት። ባሏ ሕልቃና ይወዳት ነበር። ስታለቅስ አይቶ ለምን ታለቅሻለሽ፣ ለምን አትበዪም እያለ ጥያቄ አከታተለባት፤ መልሷን ሳይጠብቅም እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን አላት (1ኛ ሳሙ. 1፥8)። ምን እንደመለሰችለት አልተጻፈም። ተነሥታ ሄዳ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። የሚወድ ሰው ጥያቄ እንኳ፣ ከበዛና ከቸኮለ፣ አፍ ያስይዛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ አባቱ ሞት የነገረሽን ለጓደኞችሽ አውርተሽው ነበር? ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ እዚያ ላይ ቆመ። አውርተሽ ከሆነ ሰበብ ሳትደረድሪ ይቅርታ ጠይቂው። ኀዘኑን አምኖ የሰጠሽ ሰው ኀዘኑ የሌሎች ቡና ማጣጫ ሲሆን ካየ፣ ዝም ቢል አይፈረድበትም። የእጮኛሽን ገመና ለምክር ብለሽ እንኳ ለንስሐ አባትሽ እንጂ ለማኅበር አታውጪ።

ዝምታና መደበቅ ግን አንድ አይደሉም። ዕዳ፣ ልጅ፣ ቀድሞ የነበረ ጋብቻ፣ የጤና ሁኔታ፤ እነዚህ ከተክሊል በፊት መነገር አለባቸው፤ «ጠባዬ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራባቸውም። ተናዝዞ ቀኖናውን የፈጸመበትን ኃጢአት ግን፣ ዛሬ በሕይወታችሁ ላይ የሚያመጣው ነገር ከሌለ፣ በዝርዝር ካልነገርከኝ ብለሽ አታስጨንቂው። ያን ለካህኑ ነግሮታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ በእግር ሂዱ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስጨንቀው ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ይቀለዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂውና እስኪመልስ ዝም በዪ፤ ላንቺ ከባዱ ይኸኛው ነው። እሱም ዝምታው እንደሚያስጨንቅሽ ማወቅ አለበትና ሳትቆጪ ንገሪው፤ በቃል ካቃተው ይጻፍልሽ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልታውቂው የሚገባሽን ነገር ከከለከለሽ፣ አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና የሠርጉን ቀን አራዝሙ። የጥሪ ወረቀቱ ተበትኖ ቢሆንም እንኳ አራዝሙት።