ተቆጣጣሪው ሲሳሳት ምን ያጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቡና በጠጣን ቁጥር የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። እኔ የምለው፣ መንግሥት ገበያውን ልቆጣጠር ሲል ወይ ይተኛል ወይ ይበላል። የግል መርማሪ ግን የሚሸጠው ስሙን ነው። ከዋሸ ደንበኛ ያጣል፣ ስለዚህ ይጠነቀቃል። የስልኬ ቻርጀር ላይ ያለው የዩኤል ምልክት፣ ዕቃው ለደኅንነት ተፈትሿል የሚለው፣ እንኳ የመንግሥት አይደለም፣ እኔ ግን አምነዋለሁ። ታዲያ ቁጥጥሩን ሁሉ ለግል ቢተዉትስ? ጓደኞቼ «አብደሃል እንዴ?» ይሉኛል።

መልስ፦ ኧረ አላበዱም፣ ግማሹን በትክክል ይዘውታል። ግን «የግል ነው ወይስ የመንግሥት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ርቀት አይወስድም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን መርማሪ የሚከፍለው ማነው? ሲሳሳትስ ምን ያጣል?

የዩኤል ታሪክ ለእርስዎ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ውስጥ ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። ኤሌክትሪክ ገና አዲስ ነው፣ ሽቦ በየቦታው ተዘርግቷል፣ እሳት ይነሳል ተብሎ ተፈርቷል። ዊሊያም ሜሪል የሚባል ወጣት መሐንዲስ አደጋውን እንዲያይ ተላከ፤ በዓመቱ የራሱን ላቦራቶሪ፣ የዛሬውን ዩኤል፣ አቋቋመ። ገንዘብ ይሰጡት የነበሩት የእሳት አደጋ መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቤት ሲቃጠል ካሳ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው ሲሳሳት የሚከስረው የመርማሪው ከፋይ ራሱ ነበር። ዛሬ የፍተሻውን ዋጋ የሚከፍለው አምራቹ ነው። ቢሆንም ኢንሹራንሱም፣ የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪም፣ ፍርድ ቤቱም ከጀርባ አሉ። ለሥራ ቦታ ዕቃ ደግሞ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚታመን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። እርስዎ የሚያምኑት ምልክት የግል ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው የግል መርማሪ እንሂድ፣ ቦንድና (ኩባንያ ወይም መንግሥት ሲበደር የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ ነው) ብድር ይከፈል ይሆን ብሎ እየመዘነ ደረጃ ወደሚሰጠው። ጆን ሙዲ በ1909 የባቡር ኩባንያዎችን ቦንድ መዝኖ በመጽሐፍ እያሳተመ ይሸጥ ጀመር። የሚከፍለው መጽሐፉን የሚገዛው ባለገንዘብ ነበር። ሙዲ ከዋሸው ያ ሰው ገንዘቡን ያጣል፣ መጽሐፉንም ዳግመኛ አይገዛም። ልክ እርስዎ እንዳሉት። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ክፍያው ተገለበጠ። ቦንዱን የሚያወጣው ኩባንያ ራሱ ለሚሰጠው ደረጃ ይከፍል ጀመር፤ ተፈታኙ የፈታኙን ደመወዝ ከፋይ ሆነ። በዚያ ላይ በ1975 ገበያውን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን (ኤስኢሲ)፣ ለጥቂት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች እውቅና ሰጥቶ ደረጃቸውን በደንቡ ውስጥ አስገባ። ባንኩም፣ የጡረታ ፈንዱም፣ ሌላውም የእነዚህን ድርጅቶች ፊርማ ካላየ የማይሠራው ሥራ በዛ። ስማቸው ቢጎድፍ እንኳ ደንበኛ የት ይሄዳል?

ውጤቱን አብረን አየነው። በ2006 የጆን ሙዲ ድርጅት፣ ሙዲስ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን በቤት ብድር ላይ ለተመሠረቱ 30 ሰነዶች ከፍተኛውን ደረጃ፣ ሦስት ኤ የሚባለውን፣ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት ያንን ደረጃ ካገኙት ውስጥ 83 በመቶው በኋላ ወርደዋል። ይህን ያወጣው የ2008ቱን የገንዘብ ቀውስ እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ነው። የሌላው ትልቅ ድርጅት፣ የኤስ ኤንድ ፒ፣ ሠራተኛ ደግሞ በ2007 ለባልደረባዋ በላከችው አጭር መልዕክት ላይ «ላሞች ቢያዋቅሩትም ደረጃ እንሰጠዋለን» ብላ ጽፋለች። ቀልድ አይደለም፣ ምክር ቤት ቀርቦ የተነበበ ነው። እነሱ ያውቁ ነበር። ቤታቸውን ያጡት ሰዎች ግን አያውቁም ነበር፤ እርስዎ ባሉበት በሜሪላንድም በዚያ ዘመን ቤቱ የተወሰደበትን ሀበሻ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ክስ ሲመጣባቸው ምን አሉ? «የሰጠነው አስተያየት ነው፣ ሐሳብን የመግለጽ መብት አለን።» ለብዙ ዓመታት ይህ መከራከሪያ ጋሻ ሆኗቸዋል። በመጨረሻ ኤስ ኤንድ ፒ በ2015 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር፣ ሙዲስ በ2017 ወደ 864 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ጉዳዩ ተዘጋ። ዛሬም በገበያው ላይ ትልልቆቹ እነሱ ናቸው፣ ዛሬም በአብዛኛው ከፋዩ ቦንድ አውጪው ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ይህን ለጓደኞችዎ ሲነግሯቸው «ይኸው፣ መንግሥት ይሻላል» እንዳይሉዎት፣ የማዶፍን ነገር ያንሱባቸው። በርኒ ማዶፍ ኒውዮርክ ውስጥ የሰው ገንዘብ አተርፋለሁ እያለ ይሰበስብ ነበር። ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ከገባው ላይ አንስቶ ለነባሩ ይሰጣል። ሃሪ ማርኮፖሎስ ደግሞ ቦስተን ያለ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። አለቆቹ የማዶፍን ስልት አጥንቶ የሚመስለውን እንዲሠራላቸው አዘዙት። የትርፉን ሰንጠረዥ ሲያይ መስመሩ ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ገበያው ሲወድቅም አይወድቅም። በደቂቃዎች ውስጥ ማጭበርበር መሆኑ ገባው። በ2000 ለኤስኢሲ አመለከተ። በ2001 ደገመ። በ2005 ወደ 30 የሚሆኑ የአደጋ ምልክቶችን ዘርዝሮ ረጅም ጽሑፍ አስገባ።

በ2006 የኤስኢሲ መርማሪዎች ማዶፍን ጠርተው ጠየቁት። አክሲዮኖቹ የሚቀመጡበትን ማዕከላዊ ድርጅት የሂሳብ ቁጥሩን ሳይቀር ሰጣቸው። እዚያ ደውለው «ይህ ሰው የሚለው አክሲዮን አለው ወይ?» ቢሉ ጉዳዩ ያን ቀን ያልቅ ነበር። ማዶፍ ራሱ በኋላ ሲናገር፣ አበቃልኝ ብሎ ነበር። አልደወሉም። በታኅሣሥ 2008 ቀውሱ መጥቶ ሰዎች ገንዘባችንን ሲሉ ለልጆቹ ተናዘዘ፣ ያኔ ተያዘ፤ ወረቀት ላይ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር፣ ሣጥን ውስጥ ግን ባዶ። በኤስኢሲ በኩል ስምንት ሠራተኞች ተቀጡ፣ አንድም ሰው አልተባረረም። የማዶፍ የግል ኦዲተር ደግሞ ከከተማው ውጪ ያለች ትንሽ ቢሮ ነበረች፣ በተግባር የሚሠራው አንድ ሰው። ስለዚህ ሁለቱም ወድቀዋል።

የቱን ልመርጥ ካሉኝ፣ ማጭበርበርን በማሽተት የግሉን ዓይን አስቀድማለሁ፤ ሰነድ አስገድዶ ለማስቀረብና ለማሰር ግን ከመንግሥት ሌላ ማንም አይችልም። ማርኮፖሎስ ዓመታት ጮኾ አንድ ወረቀት እንኳ ማስከፈት አልቻለም። በ2010 የወጣው ሕግ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ጥቆማ የሰጠ ሰው፣ ቅጣቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ከበለጠ፣ ከተሰበሰበው ከ10 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። የሚያሸት ሰው የሚያተርፍበት፣ ሥልጣን ያለው ደግሞ የሚሠራበት ነገር ተገኘ። መንግሥትን ራሱንስ ሲበደር ማን ይመዝነው? እዚህ ላይ የእርስዎ የግል መርማሪዎች ያስፈልጋሉ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ስትሸጥም፣ በ2023 ወለዱን ሳትከፍል ስትቀርም ደረጃዋን ያወጡት እነዚሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። አንድ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ አክሲዮን ግዢ እያሉ ወጥረውኛል። «ኦዲተር አለን» ይላሉ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። በመጀመሪያ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ጠይቂ። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1248 መሠረት ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን (ስለ ኩባንያውና ስለ አክሲዮኑ መረጃ የያዘውን ሰነድ) እዚያ ማስመዝገብ አለበት። ብሮሹር አይደለም፣ መግለጫውን ራሱን ስጡኝ በያቸው፤ እሺ ካላሉ ተያቸው። ያገኘሽ እንደሆነ ግን መመዝገቡ ትርፍ ታገኛለሽ ማለት እንዳልሆነ እወቂ። መረጃው ተሟልቶ ቀርቧል ማለት ብቻ ነው። ገንዘብሽን በግለሰብ ሂሳብ አስገቢ ካሉሽም ወሬው እዚያው አለቀ፤ መግባት ያለበት በኩባንያው ስም በተከፈተ ዝግ ሂሳብ ነው።

ኦዲተሩን በተመለከተ፣ የሚሾመው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ማለትም ነገ አንቺም ድምፅ አለሽ። ስሙን ያቀረበው ማነው? ከመሥራቾቹ ጋር ዝምድና ወይም ሌላ ሥራ አለው? እነዚህን ጉባኤው ላይ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ፣ መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር በይ። መገኘት ካልቻልሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና ስጪ፤ ለቦርድ አባል ግን አትስጪ።