ሆድ ውስጥ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ስለሚደረገው ቀዶ ጥገና

እህቴ፣ «የእናቴ የአንጀት ካንሰር ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገናና ሙቅ ኪሞ ይደረግላት ብለውናል፤ እሺ እንበል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በ2019 እዚህ ቨርጂኒያ ሁለቱም ተደርጎልኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ሆድ ይከፈትና በዓይን የታየው ዕጢ ሁሉ ይለቀማል። ከኔ የትልቁ አንጀት ቁራጭ፣ ሞራውና በቀኝ በኩል ሆድን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ወጥቷል። ከዚያ ወደ 42 ዲግሪ የሞቀ መድኃኒት ሆድ ውስጥ አዘዋወሩ። በድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ባለቤቴ ኮሪደር ላይ ስንት ዳዊት እንደደገመች እሷ ትወቀው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሙቁ ኪሞ ነው። ዋናው ግን ለቀማው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 265 ሰዎች ዕጢያቸው ተለቅሞ፣ ለግማሾቹ ብቻ ሙቅ ኪሞ ተጨመረ። ካገኙት ግማሹ ከ41.7 ወር በላይ ኖረ፤ ካላገኙት ደግሞ ግማሹ ከ41.2 ወር በላይ። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳትም ሙቁን ባገኙት ላይ በዝቷል። እዚያ የተሞከረው የኪሞ መድኃኒት ኦክሳሊፕላቲን ነበር፤ ለኔ የሰጡኝ ሚቶማይሲን ነው፤ ሐኪሞቹ እስካሁን ይከራከሩበታል። ስለዚህ «ሙቁ እኛ ጋ የለም» ቢሏችሁ ሰማይ አይደፋባችሁ።

አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «ፒሲአይዋ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው። ካንሰሩ ሆድ ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ የሚለካበት ቁጥር ነው፤ ሆድን 13 ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣሉ፤ ጣሪያው 39 ነው። ከ20 ካለፈ አብዛኞቹ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች እጃቸውን ይሰበስባሉ። የኔ 9 ነበር። ሲቲ ስካን ትንንሾቹን ስለሚያልፍ በካሜራ ገብተው ነው የቆጠሩት። ቀጥሎ «ሁሉንም ማውጣት ይቻላል?» በሉ። ብዙ የሚተው ከሆነ ትርፉ ስቃይ ነው። «በዓመት ስንት ሰው ትሠራለህ?» ማለትም ነውር አይደለም። እኔ የጠየቅሁት የመጀመሪያው ሐኪም ፊቱን ሲያጠቁርብኝ ሌላ ፈለግሁ።

ማገገሙ ከባድ ነው። 12 ቀን ተኛሁ። አምስት ወር ሰገራዬ የሚወጣው ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነበር። ጠያቂ ቀንሱ፤ የኛ ሰው ክፍል ሞልቶ «ብላ፣ ብላ» ሲለኝ አንጀቴ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳንባዬ ላይ አንዲት ነጥብ ታየች፤ እሷንም አወጡልኝ።

እናትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ኪሞ ጀምረው ከሆነ ዕጢው ቀነሰ? ጉበታቸውስ ነፃ ነው? እሱን ጻፊልኝ።