እየሄደ የሚጠፋ፣ ቆሞ የሚያንጠባጥብ ሞተር ሳይክል

ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ ጠያቂ ችግራቸውን እንዲህ ገልጸውታል። ከሦስት ወር በፊት ያገለገለ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ከመተሐራ ገዝተው አመጡ። ጠዋት በቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ ቤንዚኑን በሚያበዛው) በቀላሉ ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ግን ጉልበቱ እየደከመ፣ እየተንገጫገጨ ሄዶ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ካሳረፉት መልሶ ይነሣል። ታንኩ በተሞላበት ቀን ችግሩ ቶሎ ይመጣል። ቤት ውስጥ ሲያድር ደግሞ ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ሲፈታም ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ያዩት መካኒክ ካርቡሬተሩ በአዲስ እንዲቀየር ስለነገሯቸው፣ ከመግዛታቸው በፊት አስተያየቴን ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ካርቡሬተሩን ገና አይግዙ። የገለጹልኝ ሦስት የተለያዩ ጥፋቶችን ይመስላል፤ ከሦስቱ አንዱም አዲስ ካርቡሬተር ላይፈልግ ይችላል። ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ግን ዛሬ ማታውኑ ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ሞተር ሳይክል ሰው በሚተኛበት ቤት ማደር የለበትም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ ይስፋፋና ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ዘንድ ሲደርስ እሳቱን ይዞ እስከ ሞተሩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ባቆሙት ቁጥር ከታንኩ ሥር ያለውን የቤንዚን መክፈቻ ይዝጉ፤ ጥገናው እስኪያልቅም ድረስ ውጭ፣ ከለላ ባለበት ያሳድሩት። ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት ደግሞ የሞተሩን ዘይት ይለኩ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ከካርቡሬተሩ የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ተደባልቋል ማለት ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት የሞተሩን ብረቶች ከመፋጨት ስለማያድን፣ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩን ፈጽሞ አያስነሡት።

አሁን ወደ መጥፋቱ እንምጣ። ታንኩ ሲሞላ እንደሚብስ መጻፍዎ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። እንዲህ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ቤንዚኑ ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። በወረደው ልክም በታንኩ ክዳን ላይ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ በኩል አየር መግባት አለበት። መተንፈሻዋ በአቧራ፣ በጭቃ ወይም በዝገት ከተደፈነች፣ በታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄድና ቤንዚኑን እንዳይወርድ ይዞ ያስቀረዋል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት በመሆኑ፣ ሩብ ሊትር ቤንዚን ብቻ ሲወርድ እንኳ አየሩ እጅግ ይሳሳል፤ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ግን ያው ሩብ ሊትር ብዙ ለውጥ አያመጣም። ሲያሳርፉት በክዳኑ ጎማ ዳር ዳር አየር ቀስ እያለ ስለሚገባ፣ ካርቡሬተሩ እንደገና ሞልቶ ሞተሩ ይነሣል።

ይህን ለማረጋገጥ ምንም መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ከመንገዱ ወጥተው ያቁሙና ወዲያውኑ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ሲሳብ ከሰሙና ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ጠብቀው ሞተሩ ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑን በሳሙና ውኃ አጥበው፣ መተንፈሻዋን በቀጭን ሽቦ ከፍተው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት። ሲያጥቡት ከሥሩም ይመልከቱ፤ ቤንዚን እንዳይረጭ ወይም ዝናብ እንዳይገባ ብለው ከክዳኑ ሥር ፌስታል የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች አሉና። ሥራ በጀመርሁበት ጊዜ ልክ እንደ እርስዎ እየሄደ የሚጠፋ ሞተር ሳይክል መጥቶልኝ፣ ካርቡሬተሩን አጠብሁ፣ ካንዴላ ቀየርሁ፣ በመጨረሻም ደንበኛዬ አዲስ ካርቡሬተር እንዲገዛ አደረግሁ። በሁለተኛው ቀን እየገፋው መጣ። ጥፋቱ የተገኘው ቤንዚን ልንጨምር ክዳኑን ስንከፍት፣ ከሥሩ በተጣጠፈች የፌስታል ቁራጭ ላይ ነበር። የዚያን ሰው ገንዘብ ያለ አግባብ ማስወጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክዳኑ ተከፍቶም ለውጥ ከሌለ ቀጣዩ ፈተና በካርቡሬተሩ ሥር ባለችው የማፍሰሻ ቪቴ ይደረጋል። ሞተሩ እንደጠፋ ቁልፉን ያጥፉ፤ ከማፍሰሻው የሚወርደውን ቱቦ ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ ያስገቡና የቤንዚን መክፈቻው ክፍት እንደሆነ ቪቴዋን በካቻቪቴ ያላሉ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የጋለ ስለሆነ አንድም ጠብታ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ በአቅራቢያዎ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ቤንዚኑ ሳይቋረጥ በደንብ ከወረደ ካርቡሬተሩ ቤንዚን አላጣም፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ጥቂት ወርዶ ወደ ጠብታ ከተለወጠ ግን መንገዱ ላይ የዘጋው ነገር አለ። ያኔ መክፈቻውን ይዝጉና ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅለው፣ ጫፉን ሃይላንዱ ውስጥ አድርገው እንደገና ይክፈቱ። እዚህም ደካማ ከሆነ ችግሩ በማጣሪያው፣ በታጠፈው ቱቦ ወይም በታንኩ ውስጥ ባለው የመክፈቻው ወንፊት ላይ ነው። ከቱቦው በኃይል ወርዶ ከማፍሰሻው ግን የሚደክም ከሆነ ደግሞ የተዘጋው የካርቡሬተሩ መግቢያ ነው።

ቤንዚኑ በደንብ እየወረደ ሞተሩ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሲሞቅ የሚደክም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ወይም ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። የካንዴላው እሳት መታየት ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚያዩት እሳት ምንም አይነግርዎትም። የቫልቭ ክፍተት ደግሞ በተቃራኒው በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ይለካል። ይህን ግን መለኪያ ላለው ባለሙያ ቢተዉት እመርጣለሁ።

በሃይላንዱ የተቀበሉትን ቤንዚን አይድፉት። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቀነቅ ያስቀምጡትና በብርሃን ይመልከቱት። ውኃ ካለበት ከሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል፤ ቡናማ ዱቄት ከታየ ታንኩ ከውስጥ ዝጓል፤ ይህም ማጣሪያውን አንድ ጊዜ መቀየር ብቻ እንደማይበቃ ያሳያል። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። አንድ ሁለት ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ሲጠፋ፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል።

ሌሊት የሚያንጠባጥበው ነገር መነሻው ሌላ ነው። በካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ ቤንዚኑ ከፍ ሲል አብሮ የሚነሣ ተንሳፋፊ አለ፤ እርሱም ሾጣጣ መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። በመርፌዋና በመቀመጫዋ መካከል የአሸዋ ቅንጣት ከገባች መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ማፍሰሻውን ከፍተው ቤንዚኑ ጥቂት ጊዜ እንዲያጥበው ያድርጉ፤ ማጠራቀሚያውንም በካቻቪቴው እጀታ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ማጠራቀሚያው ይፈታና መርፌዋ ትታያለች፤ በጫፏ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለ መቀየር ያለባት እርሷ ናት፤ ዋጋዋም ከካርቡሬተሩ ጋር አይወዳደርም። ተንሳፋፊውን ጆሮዎ ዘንድ አድርገው ይነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷልና አይንሳፈፍም።

ካርቡሬተሩ ከተፈታ አይቀር ይታጠብ፤ ነገር ግን ጄት በምንላቸው ትንንሽ የናስ ቪቴዎች ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ እንዳይገባ አደራ እላለሁ። የሚኒሞው ጄት፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቤንዚን የሚያሳልፈው፣ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ሽቦ አንድ ጊዜ ካሰፋው ሞተሩ ከዚያ በኋላ ልክ ሆኖ አይሠራም። ተንሳፋፊውንና ጎማዎቹን አውጥተው፣ ጎሚስታ ቤት ባለው አየር ማስነፋት ይበቃል። የሚኒሞውን ማስተካከያ ቪቴ ከመፍታትዎ በፊትም ሙሉ በሙሉ እስኪገባ ድረስ ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉ፤ አለዚያ የነበረበትን ቦታ መልሰው አያገኙትም።

የቀረው ጥላሸቱ ነው። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ልዩነት የተነሣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን የሚበዛበት፣ ካንዴላውም የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በከፍታው ላይ ከመጣልዎ በፊት ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ ዲፕራተር የምንለው የአየር ማጣሪያም አለመታፈኑን ያረጋግጡ፤ የማያቋርጠው ቤንዚንም ራሱ ካንዴላ ያጠቁራል። ጥላሸቱ ደረቅ ሳይሆን ቅባት ያለበት ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነውና ነገሩ ሌላ ነው። አየር እንዲበዛለት ብለው ማጣሪያውን አውልቀው የሚነዱትን ስመለከት አዝናለሁ፤ የመንገዱ አቧራ በቀጥታ ገብቶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር ዝቅ ባለው መቀየር፣ ጥቂት ቀን ነድቶ የካንዴላውን ቀለም ማየትና ወደ ቡናማ ሳይመጣ አሁንም ጥቁር ከሆነ ብቻ ሌላ አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። አውጥተው የሚያስቀምጡትን የመጀመሪያውን ጄት አይጣሉት፤ ሞተሩን ወደ ቆላ ይዘው ለመቆየት ሲወርዱ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይሞቃል።