ከካንሰር ሕክምና በኋላ እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ፦ ስለ ታይ ቺና ዮጋ ጠይቁኝ

ታይ ቺ፣ ማለትም ዝግ ባለ እንቅስቃሴና ትንፋሽ የሚሠራውን የቻይና ስፖርት አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የካንሰር ሕክምና የጨረሱ ናቸው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኬሞ ከጨረስኩ ዓመት አለፈኝ። ድካሙ አለ፣ እንቅልፉ ግን የለም። ለምን?

መልስ፦ እግዜር ይማርሽ እህቴ። መድከም ሌላ፣ እንቅልፍ መምጣት ሌላ ነው። ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ስቴሮይድ፣ ሕመሙ፣ የሆርሞን መድኃኒት የሚያመጣው ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ ከዚያ ደግሞ «ተመልሶ ቢመጣስ» የሚለው ሐሳብ ተደራርበው ሌሊቱን ይነጥቃሉ፤ ምክንያቶቹ ሲቀንሱ እንኳ ሰውነት አልጋ ላይ ነቅቶ መቆየትን ለምዶ ይቀራል። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከቀጠለ ሥር ሰዷል ይባላል። ዝም ብለሽ አትቻይው፣ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ታይ ቺ እውነት ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። በ2017 የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት አለ። እንቅልፍ ያጡ 90 የጡት ካንሰር ታካሚ የነበሩ ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ታይ ቺ፣ ሌላው ለእንቅልፍ ማጣት ቀዳሚ የሚባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ለ3 ወር ወሰዱ። በ15ኛው ወር በግልጽ የተሻላቸው ከታይ ቺ 46.7፣ ከሥነ ልቦናው 43.7 በመቶ ነበሩ። ተቀራራቢ ነው። ግን ከግማሽ በላዩ ያን ያህል አልተሻላቸውም፤ ስለዚህ ካልሠራልሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዮጋም በ2013 በ410 ሰዎች ተሞክሮ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ለ4 ሳምንት የሠሩት እንቅልፋቸው ተሻሽሏል።

ጥያቄ፦ እስኪደክመኝ ልሥራ?

መልስ፦ አይ! ዓላማው ማድከም ሳይሆን ንቁ ሆኖ የቀረውን ሰውነት ማርገብ ነው። ዝግ ያለ እንቅስቃሴ፣ ዝግ ያለ ትንፋሽ። በወር አንዴ ረጅም ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስነቃስ?

መልስ፦ 20 ደቂቃ ያህል እንደቆየህ ከተሰማህ ከአልጋ ውረድ። ሰዓት አትይ፣ ስልኩንም ተወው። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጥና ትንፋሽህን ከምታስገባበት ረዘም አድርገህ አውጣ። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለስ። «አሁን ይወስደኛል?» እያልክ ራስህን የምትጠብቅ ከሆነ ግን ያው ጭንቀት ነው።

ጥያቄ፦ አጥንቴ ላይ ደርሷል፣ እግሬም ይደነዝዛል። ይከለከላል?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎ ይፍቀድ። ወገብ መጠምዘዝና በጣም ማጎንበስ ለእርስዎ አይሆንም፤ የተጎዳ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ለድንዛዜው ወንበር ይዘው ወይም ተቀምጠው ይሥሩ። ተቀምጦ መሥራት ከቁም ነገር አይቆጠርም የሚሉዎትን አይስሙ።

ጥያቄ፦ የእንቅልፍ ኪኒኔን ላቁም?

መልስ፦ በድንገት በፍጹም። በሐኪም፣ ቀስ በቀስ።

ጥያቄ፦ አንኮራፋለሁ፣ እግሬም ማታ ማታ ዕረፍት ይነሳኛል።

መልስ፦ ይህ ምርመራ ይፈልጋል፤ ትንፋሽ በእንቅልፍ መቋረጥና የብረት እጥረት ይታዩ። በታይ ቺ ብቻ አይለፍ።

ጥያቄ፦ ታማሚዋ ባለቤቴ ናት። ምን ላግዛት?

መልስ፦ አብረሃት ሥራ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ተኛሽ?» ብለህ አትጠይቃት፤ ማታውን መልሱን እያሰበች ነው የምታነጋው።